እናትን ይዞ ከማያሚ ክሩዝ፦ ከመክፈላችን በፊት ምን እናጣራ?

ጠያቂ
ሰላም ለሁላችሁ። ኦገስት 10 አካባቢ ከማያሚ ተነስቶ ኮዙመል (ሜክሲኮ) እና ናሳው (ባሃማስ) ደርሶ የሚመለስ የ5 ቀን ክሩዝ (የመርከብ ሽርሽር) ልንይዝ ነው። እኔ የአሜሪካ ዜጋ ነኝ፣ ባለቤቴ ግሪን ካርድ አላት፣ እዚሁ የተወለደች የ6 ዓመት ልጅ አለችን። እናቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ በጎብኚ ቪዛ መጥታለች። የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፣ ፍልሰታን ትጾማለች፣ ጀበናዬን ካልያዝኩ አልሄድም ብላለች።

ትኬት ቆራጩ
የሌላው ቀላል ነው፤ ዋናው የእናትህ ቪዛ ነው። ፓስፖርታቸውን ገልጠህ ቪዛው ላይ «ኢንትሪስ» (የመግቢያ ብዛት) የሚለውን እይ። «ኤም» ካለ ደጋግሞ ያስገባል፤ ቁጥር ካለ በቁጥሩ ልክ ብቻ ነው። መርከቡ ማያሚ ሲመለስ እንደ አዲስ መግባት ስለሚቆጠር፣ የአንድ ጊዜ ቪዛ ከሆነ ከአዲስ አበባ መጥተው አሜሪካ ሲገቡ ተጠቅመውበት አልቋል። ከጁላይ 2025 ወዲህ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የጎብኚ ቪዛ በአብዛኛው የአንድ ጊዜ፣ ለ3 ወር የሚያገለግል ነው።
ባለቤትህ ግሪን ካርዷንና ጊዜው ያላለፈ የኢትዮጵያ ፓስፖርቷን፣ ሁለቱንም ዋናውን፣ ትያዝ። ለልጅቷ የልደት ሰርተፊኬት ይበቃል፤ ግን ከመንገድ በአውሮፕላን መመለስ ቢመጣ ፓስፖርት የግድ ስለሆነ ቢኖራት ይሻላል። ስም ሲሞላ ተጠንቀቁ፦ ወኪሎች የባልን ስም ለሁሉም የቤተሰብ ስም አድርገው ይሞሉታል። እያንዳንዱ ሰው በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይሞላ፤ አለበለዚያ ወደቡ ላይ ከሰልፍ ያስወጧችኋል።

ነገረ ቪዛ
ለተጨማሪ፦ «ከ30 ቀን በታች ከሆነ ባለቀ ቪዛም በአይ-94 (አሜሪካ ሲገቡ በሚመዘገበው የመግቢያ መዝገብ) መመለስ ይቻላል» የሚሉ አሉ። ለጎብኚ ይህ የሚሠራው ለሜክሲኮና ለካናዳ ብቻ ነው። እንደ ባሃማስ ያሉትን ደሴቶች የሚጨምረው ለተማሪና ለልውውጥ ፕሮግራም ቪዛ ነው። እናንተ ናሳው ስለምትነኩ አይሆንም። ኮዙመል ብቻ የሚሄድ መርከብ ብትመርጡም አትተማመኑበት፤ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 የአውሎ ነፋስ ወቅት ስለሆነ ካፒቴኑ ወደቡን ሊቀይር ይችላል። ናሳው ለእሳቸው ምን ወረቀት እንደሚፈልግም የመርከብ ድርጅቱን በጽሑፍ ጠይቁት።

የወጥ ቤቷ
ጀበናውን ለጌጥ ካልሆነ ይተዉት ብለህ ንገራቸው። ከሰል፣ እጣን፣ ሻማ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃና ማንቆርቆሪያ ሁሉም እሳት ያስነሳሉ ተብለው ፍተሻ ላይ ይወሰዳሉ። የተፈጨ ቡናና ወረቀት ማጥለያ ይዛችሁ ሙቅ ውሃ ከቡፌው ውሰዱ። ቤት የተጋገረ እንጀራና ወጥ አያስገቡም፤ በፋብሪካ የታሸገ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ችግር የለውም፣ ኮዙመል ሲወርዱ ግን ካቢን ውስጥ ይቅር።
ለጾሙ «ቬጀቴሪያን» አትበሉ፣ አይብና እንቁላል ይመጣል። «ቪጋን» ብላችሁ ቦታ ስትይዙ አስመዝግቡ፣ መርከቡ ላይም የመጀመሪያው ማታ ለአስተናጋጆች አለቃ ድገሙለት፤ የነገውን ምግብ ከዋዜማው ያዛሉ። ቡፌ ላይ ሩዙ ቅቤ፣ የአትክልት ሾርባውም የዶሮ መረቅ ሊኖረው ስለሚችል ጠይቁ።

ነርስ ነኝ
መድኃኒታቸው በእጅ ቦርሳ ይሁን። ለሠራተኛ የምትሰጡት ሻንጣ ካቢን የሚደርሰው ማታ ሊሆን ይችላል። ካቢን ስትመርጡ ዝቅ ያለ ፎቅ፣ የመርከቡ መሃል ላይ፤ ፊትና ኋላው ይበልጥ ይናወጣል። ለማቅለሽለሽ ሜክሊዚን የሚዋጠው ሳይጀምር፣ አንድ ሰዓት ቀድሞ ነው። እንቅልፍ ያመጣል፣ ግላኮማ ላለበትም አይመከርም፤ ሐኪማቸውን አማክሩ። እጅ በሳሙና ታጠቡ፤ መርከብ ላይ ተቅማጥ የሚያመጣውን ኖሮቫይረስ ሳኒታይዘር በደንብ አይገድለውም።

ትኬት ቆራጩ
አንድ ነገር ረሳሁ፦ ኮዙመል ሰዓት ስለማይቀይር በኦገስት ከማያሚ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ነው። መርከቡ የማያሚን ሰዓት ይዞ ከቆየ፣ «ከሰዓት በኋላ (በፈረንጅ) 3:30 ሁሉም ይሳፈር» ሲል የሜክሲኮ ኔትወርክ የያዘ ስልክ 2:30 ነው የሚለው። የስልካችሁን አውቶማቲክ ሰዓት አጥፉና ከመውረዳችሁ በፊት መርከቡ ላይ ካለው ሰዓት ጋር አስተያዩት። ለእናትህ በሐበሻ ሰዓት ከ9 በፊት በላቸው፣ ግማሽ ሰዓት ትርፍ ትሆናለች።