ለኮሎራዶ አደን ጥይት ስትመርጡ፦ መደበኛው ወይስ «ዋይልድካቱ»?

በዴንቨርና በኦሮራ የሚኖሩ፣ የአዳኝነት ትምህርታቸውን ጨርሰው የመጀመሪያ ጠመንጃቸውን ለመግዛት የተዘጋጁ ወገኖች ደጋግመው የሚያነሡልኝ አንድ ጥያቄ አለ። በየሱቁ ከሚሸጠው ተራ ጥይት ይልቅ ጠመንጃ ሠሪ ዘንድ ሄዶ፣ ለራስ የተለየ መጠን ያለው ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ ማሠራት አይሻልም ወይ ይሉኛል። መልሴን ከመነሻው ላስቀምጥ። በዓመት ከመቶ ጥይት በታች የሚተኩስ አዳኝ .308 ዊንቸስተር ወይም .30-06 ስፕሪንግፊልድ የተባለውን መደበኛ ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ ይግዛ፤ ትከሻው የጠመንጃውን ምት (ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚገፋውን ኃይል) የማይወድ ከሆነ 7 ሚሊ ሜትር-08 ሬሚንግተን ይግዛ። ዋይልድካት የሚባለውን የምመክረው ከአደኑ ይልቅ በሥራ ጠረጴዛው ዙሪያ ማምሸት ለሚያስደስተው ሰው ብቻ ነው።

«ዋይልድካት» በቀጥታ ሲተረጎም የዱር ድመት ማለት ነው፤ በጠመንጃ ሰዎች ዘንድ ግን ፋብሪካ በመደበኛነት የማያመርተውን፣ መለኪያውም እ.ኤ.አ. በ1926 በተቋቋመው የአሜሪካ የስፖርት መሣሪያና ጥይት አምራቾች ተቋም (በአሕጽሮት «ሳሚ» በሚባለው) ያልጸደቀውን ጥይት ያመለክታል። አሠራሩ ከባዶ አይጀምርም። አንድ የታወቀ ቀለሃ (ባሩዱንና አረሩን የሚይዘው የጥይት ቅርፊት) ይወሰድና አንገቱ ጠቦ ቀጭን አረር እንዲይዝ ወይም ሰፍቶ ወፍራም አረር እንዲይዝ ይደረጋል፤ አለዚያም የገላው ሾጣጣነት ተቃንቶ፣ ትከሻው (ከገላው ወደ አንገቱ የሚጠበው ክፍል) ቀጥ ብሎ፣ በውስጡ ተጨማሪ ባሩድ እንዲገባ ቦታ ይፈጠራል። በዚህ የኋለኛው መንገድ ስሙ የገነነው ፓርከር አክሊ ነው፤ 40 ዲግሪ ትከሻ ያላቸው «የተሻሻሉ» ጥይቶቹ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ።

ዋይልድካትን አቃልዬ እንዳላልፍ ግን ታሪኩ አይፈቅድልኝም፤ ዛሬ መደበኛ የምንላቸው ብዙዎቹ ጥይቶች በአንድ ወቅት በግለሰቦች የሥራ ክፍል የተወለዱ ናቸውና። .25-06 ከ1920ዎቹ ጀምሮ በጠመንጃ ሠሪዎች እጅ ሲዞር ኖሮ የሬሚንግተን ኩባንያ ወደ ፋብሪካ ያስገባው በ1969 ነው። .22-250 እስከ 1965 ድረስ፣ በ1922 የተፈጠረው .35 ዌለን ደግሞ ስድሳ ዓመታት አልፎ እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ድረስ መደበኛነት ጠብቀዋል። 7 ሚሊ ሜትር-08 ራሱ በ1980 ሬሚንግተን ስም እስኪሰጠው ድረስ የ.308ን አንገት አጥብበው የሚሠሩት ሰዎች ዋይልድካት ነበር። ስለዚህ ዋይልድካት ለጥይት ዓለም እንደ ችግኝ ጣቢያ ነው። እኔ የምለው፣ ችግኙን ሌላው ይኮትኩት፤ እናንተ የጸደቀውን ዛፍ ግዙ።

ጥቅሙስ ምን ያህል ነው? በጥይት ሞዪዎች ዘንድ የታወቀ አንድ ግምታዊ ስሌት አለ፤ የአረሩ ውፍረት፣ ክብደቱና ግፊቱ ሳይለወጡ የቀለሃው የባሩድ መያዣ ሲሰፋ፣ ፍጥነቱ የሚጨምረው የስፋቱን ጭማሪ ሩብ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ቀለሃውን በ10 በመቶ ያሰፋ ሰው የሚያገኘው ፍጥነት 2.5 በመቶ ገደማ ነው ማለት ነው። በሰከንድ 850 ሜትር ይበር የነበረ አረር 871 ሜትር ቢበር በ250 ሜትር ርቀት የቆመች ኤልክ (ትልቋ የአጋዘን ዘመድ) ልዩነቱን አታውቀውም፤ የገዢው ኪስ ግን በሚገባ ያውቀዋል። በትልቅ ቀለሃ የታጨቀ ብዙ ባሩድ በጠባብ ቀዳዳ የሚያስወጣው ዓይነት ደግሞ የአፈሙዙን መነሻ ቶሎ ስለሚበላ፣ ያችን ትርፍ ፍጥነት የምትከፍሉላት ሁለት ጊዜ ነው።

በእኔ ግምት ትልቁ ጉዳይ ፍጥነት አይደለም፤ ጥይቱ ባለቀ ወይም በተረሳ ቀን ምን ይደረጋል የሚለው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በመጀመሪያው የጠመንጃ ወቅት፣ ለኤልክ ብቻ በሚከፈተው የአምስት ቀን ጊዜ፣ ከጓደኞቼ ጋር ከዴንቨር ወደ ሚከር ከተማ ወጥተን ነበር። አካባቢው ኤልክ የሚበዛበት የኋይት ሪቨር ተራራ ነው። ድንኳን ስንተክል አንደኛው ጓደኛችን ባሩድና አረር አስገብቶ በገዛ እጁ የሞላቸውን ጥይቶች ከነሣጥናቸው የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ትቶ መምጣቱን አስተዋለ። ጠመንጃው የተሠራው በ.30-06 ቀለሃ ላይ ለተመሠረተ ዋይልድካት ነበር። በከተማዋ ያለው ሱቅ ውስጥ የ.30-06 ካርቶን እስከ ጣሪያው ተደርድሯል፤ እናቲቱ ሞልታለች፣ ልጅቷ ግን የለችም። ወንድማችን አምስቱን ቀን ወጥ ሠሪያችን ሆኖ ከረመ። በአውሮፕላን የሚጓዝ ሰውም ይህንኑ ያስብ፤ ጥይት በእጅ ሻንጣ አይፈቀድም፣ በሚጫነው ሻንጣም አብዛኞቹ አየር መንገዶች ከ5 ኪሎ በላይ አይቀበሉም፣ ሻንጣውም በሌላ በረራ ሊቀር ይችላል።

ለፍትሕ ሲባል የተቃራኒውንም ወገን ላንሣ። በ2020 እና በ2021 ጥይት ከገበያ ሲጠፋ፣ መጀመሪያ ከመደርደሪያ ላይ የተሟጠጡት እነዚሁ ሁሉም የሚፈልጋቸው ዓይነቶች ነበሩ። በዚያን ጊዜ «የራሴን ስለምሞላ አልቸገርም» ይሉ የነበሩት ግን ባሩዱን የምታቀጣጥለው ፕራይመር አብራ ስለጠፋች እነርሱም እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ከዚህ የተማርኩት ጥይት በአደኑ ወቅት ዋዜማ ሳይሆን በአሜሪካው ጸደይ (ከማርች እስከ ሜይ) መግዛትን ነው።

ስለ ደኅንነት ትንሽ ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ለ.308 ሳሚ የወሰነው ከፍተኛ ግፊት በስኩዌር ኢንች 62,000 ፓውንድ፣ ለ.30-06 ደግሞ 60,000 ፓውንድ ነው፤ ጥይት ሠሪውም ጠመንጃ ሠሪውም በዚሁ መለኪያ ስለሚሠሩ፣ ስማቸው አንድ እስከሆነ ድረስ ከየትም የተገዛ ጥይት ከየትም ከተገዛ ጠመንጃ ጋር ይስማማል። ዋይልድካት ይህ የጋራ ውል የለውም። ሁለት ጠመንጃ ሠሪዎች በአንድ ስም የሚጠራ ጥይት ማጉረሻ ቢቦረቡሩ መቁረጫዎቻቸው የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በአንደኛው ጠመንጃ ሰላማዊ የነበረ የባሩድ መጠን በሌላው ከመጠን ያለፈ ግፊት ሊፈጥር ይችላል። ስለዚህ የጓደኛችሁን የባሩድ ልክ ገልብጣችሁ አትሙሉ። ሌላው አደጋ በቀለሃው ግርጌ ላይ የሚነበበው ጽሑፍ ነው። ዋይልድካቱ የተሠራው ከ.30-06 ቀለሃ ከሆነ ግርጌው ላይ ያለው ያው .30-06 የሚል ነውና፣ ባለቤቱ በሌለበት ያገኘው ሰው ተሳስቶ ሌላ ጠመንጃ ሊያጎርሰው ይችላል። ስሙ በትክክል ተጽፎም እንኳ መደናገር እንዳለ የሚያሳየው .300 ብላክአውት ነው፤ ሳሚ በ2011 ያጸደቀው ይህ ጥይት በ.223 ጠመንጃ ውስጥ አንዳንዴ ሊጎርስ ስለሚችል፣ በዚህ ስሕተት የፈነዱ ጠመንጃዎች አሉ።

አሁን ወደ ገበያው እንምጣ። እንደ ካቤላስ፣ ሺልስና ስፖርትስማንስ ዌርሃውስ ያሉት ትልልቅ መደብሮች ለመደበኛ ጥይት ይበቃሉ፤ ምርጫቸው ሰፊ ስለሆነ ሦስት አራት ዓይነት አወዳድሮ ለመግዛት እነርሱን አስቀድማለሁ። በተራራው ሥር ባሉት ከተሞች የሚገኙት ትንንሽ የብረታ ብረትና የአደን ዕቃ ሱቆች ዋጋቸው ጨመር ይላል፤ ነገር ግን የአካባቢው አዳኝ የሚጠቀምበትን ብቻ ስለሚያስቀምጡ መደርደሪያቸውን ማየት በራሱ ምክር ነው። ዋይልድካት የሚፈልግ ሰው መንገዱ ሌላ ነው። ጠመንጃ ሠሪው አዲስ አፈሙዝ ይገጥማል፣ የማጉረሻውን መቁረጫ ከሌለው ያስመጣል ወይም ይከራያል፣ ቀለሃውን የሚቀርጸው ዳይም በልዩ ትእዛዝ ሊሠራ ይችላል። እንደ አር.ሲ.ቢ.ኤስ. ያለው የዳይ አምራች ምርቶቹን በተፈላጊነታቸው በምድብ ከፍሎ ዋጋ ስለሚያወጣ፣ ጥይቱ ባነሰ ሰው እጅ ባለ ቁጥር ዋጋው ከፍ ይላል። ከዚያ በኋላ የ«ተሻሻለ» ዓይነት ቀለሃ ቅርጹን የሚይዘው አንድ ጊዜ ተተኩሶበት ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ዙር ጥይት ለአደን ሳይሆን ለቅርጽ ማውጫ ይውላል። በትእዛዝ ጥይት የሚሞሉ ድርጅቶችም አሉ፤ ፈቃዳቸውንና መድናቸውን ሳትጠይቁ ግን ገንዘብ አትክፈሉ። በኮሎራዶ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ በጠመንጃና በጥይት ሻጮች ላይ የ6.5 በመቶ ልዩ ቀረጥ መጣሉንም በሒሳባችሁ አስገቡት። እጅ በሞላው ጥይት ምክንያት ለሚደርስ ጉዳት የጠመንጃ አምራቾች ዋስትናቸውን እንደሚያነሡ በአብዛኛው በመመሪያ መጽሐፋቸው ላይ ተጽፏል፤ ጥቂት ሰው ነው የሚያነበው።

ከመደበኞቹ መካከል የትኛውን? የኮሎራዶ ሕግ ለአጋዘንም ሆነ ለኤልክ ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ሲመታ የሚሰፋ አረር ይጠይቃል፤ ክብደቱ ለአጋዘን ቢያንስ 70 ግሬን (የአረር ክብደት የሚገለጽበት ትንሽ መለኪያ)፣ ለኤልክ 85 ግሬን ሲሆን በ100 ያርድ ላይ 1,000 ፉት-ፓውንድ ጉልበት ሊኖረው ይገባል። .243 ዊንቸስተር ይህን ያሟላል፤ ለኤልክ ግን ለጀማሪ አልሰጠውም፣ ለስሕተት ቦታ አይተውምና። 6.5 ክሪድሞር ምቱ ለስላሳ፣ ኢላማውም የተመሰገነ ስለሆነ ለአጋዘን በጣም ጥሩ ነው፤ ለኤልክ ርቀቱን ለሚጠብቅ ሰው ይሆናል። ከ1925 ጀምሮ ያለው .270 ዊንቸስተር በሜዳ ላይ ለሚያድን እስከ ዛሬ አላረጀም። በ.308 እና በ.30-06 መካከል ያለው ክርክር ለቡና ሰዓት የሚሆን ጨዋታ ነው፤ የመጀመሪያው አጠር ያለ ጠመንጃ ይበቃዋል፣ ሁለተኛው ከበድ ያለ አረር በተሻለ ይገፋል፣ ሁለቱም ኤልክ ይጥላሉ።

ከጥይቱ ስም ይልቅ አረሩ ላይ ገንዘብ ጨምሩ። ለአጋዘን ርካሹ የፌደራል ኩባንያ ፓወር-ሾክ ጥይት በቂ ነው። ለኤልክ ግን ከ1948 ጀምሮ በሚሠራው ኖዝለር ፓርቲሽን ወይም ሙሉ በሙሉ ከመዳብ በተሠራው ባርንስ የተሞላ የፋብሪካ ጥይት፣ በ165 ወይም በ180 ግሬን፣ እመርጣለሁ። መዳቡን በተለይ የምወደው እርሳስ አጥንት ላይ ሲሰበር ብናኙ ሥጋው ውስጥ ስለሚበተን ነው፤ ሥጋውን ፈጭቶ ለልጆች የሚያቀርብ ቤተሰብ ይህን ሊያስብበት ይገባል። (ክትፎ ለምትሉኝም፦ የዱር ሥጋ ጥሬውን አልመክርም፣ በደንብ ይብሰል። የመጨረሻው የጠመንጃ ወቅት ጾመ ነቢያት ሊገባ ሲል ስለሚዘጋ፣ ፍሪጅ ለሌለው ሰው ቀኑ ያጥራል።)

ይህ ሁሉ ተብሎም ዋይልድካት የሚገባው ሰው አለ። በረጅም ርቀት የትክክለኛነት ውድድር በዓመት በሺዎች የሚቆጠር ጥይት የሚተኩሱ ሰዎች 6 ሚሊ ሜትር ዳሸርን የመረጡት ምቱ ትንሽ ስለሆነ አረሩ የት እንዳረፈ በራሳቸው የጠመንጃ መነጽር ስለሚያዩ ነው፤ ጥይታቸውንም በእጃቸው መሙላት የሥራው አካል ነው። ለአደን ደግሞ ልቡ ተለየት ያለ ነገር ካልሆነ የማያርፍለት ሰው ካለ .280 አክሊ ኢምፕሩቭድን ይመልከት። ይህ ከአክሊ እጅ ወጥቶ በኖዝለር አማካይነት መደበኛ የሆነ ጥይት ነው፤ የፋብሪካ ጥይት ይሸጥለታል፣ እርሱ በጠፋ ጊዜም ማጉረሻው በትክክል የተሠራ ጠመንጃ ተራውን .280 ሬሚንግተን ይተኩሳል። በትንንሾቹ ሱቆች ግን ሁለቱንም አትጠብቁ።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ የሕግ ነገር አለ። ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው እንደ ዜጋው ሊገዛ ይችላል፤ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን በፌደራል ሕግ መሠረት እንደ ሕጋዊ የአደን ፈቃድ ያለ የተወሰነ ምክንያት ከሌለው ጠመንጃም ጥይትም መያዝ አይፈቀድለትም። ጉዳያችሁ በሂደት ላይ ከሆነ ጠበቃችሁን ሳታማክሩ ሱቅ አትግቡ።

ጠመንጃውን ከገዛችሁ በኋላ ከሦስት የተለያዩ አምራቾች አንዳንድ ካርቶን ወስዳችሁ በመተኮሻ ሜዳ በ100 ያርድ ሞክሩ፤ አንዱ ጠመንጃ የሚወደውን ሌላው ላይወድ ይችላል። የተሻለውን ስታገኙ ካርቶኑ ላይ ያለውን የምርት ተራ ቁጥር አይታችሁ፣ ከዚያው ቁጥር ለሁለት ወቅት የሚበቃችሁን በአንድ ጊዜ ግዙ፤ አንዱን ካርቶን ደግሞ ወደ ተራራው በምትሄዱበት መኪና ውስጥ በቁልፍ ሣጥን አስቀድማችሁ አስቀምጡ።