ጥቆማ፦ ከሁለቱ አሮጌ ድሪሊንጎች የቱን ልውሰድ?

ጠያቂ (ኤርፈርት)፦ የአደን ፈቃዴን በቅርቡ ያገኘሁ ስሆን፣ ዋጋቸው የተቀራረበ ሁለት ባለሦስት አፈሙዝ ጠመንጃዎች ቀርበውልኛል። ሁለቱም ከላይ ጎን ለጎን ሁለት የሾትገን አፈሙዝ፣ ከሥር ደግሞ አንድ የጥይት አፈሙዝ አላቸው። አንደኛው አጋዘን የተቀረጸበትና «ክሩፕ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሲሆን፣ ሌላው ዛወር የተባለው የጀርመን ጠመንጃ ሠሪ ጌጥ አልባ ሥራ ነው። ለሚዳቋና ለጥንቸል የትኛው ይሻላል?

ባለ16፦ ክሩፕ የአፈሙዙን ብረት ያቀረበ ድርጅት እንጂ ጠመንጃውን የሠራ አይደለም፤ ስለዚህ ጽሑፉ የሠሪውን ማንነት አይነግርዎትም። አፈሙዙን ከሰደፉ ነጥለው ከሥሩ የተመታውን ማኅተም ያንብቡ። ለምሳሌ «4.26» የሚል ቁጥር ካገኙ፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1926 ተፈትኗል ማለት ነው።

የካሰሉ፦ እኔ ግን የምመክረው ከሻጭ አፍ እንዲጠነቀቁ ነው። የእኔ 16 ካሊበር (የሾትገን አፈሙዝ ስፋት መለያ ነው) የድሮ በመሆኑ መጉረሻው፣ ማለትም ጥይቱ የሚቀመጥበት ክፍል፣ 65 ሚሊሜትር ብቻ ሳለ፣ ሻጩ ባለ70ውን ጥይት «ይገባል» ብሎ ሸጠልኝ። መግባቱንስ ገባ፤ ሲተኮስ ግን የጥይቱ ቀፎ አፍ የሚዘረጋበት ቦታ ስለሌለው ግፊቱ ይጨምራል። ጥቂት ከተኮስሁ በኋላ ማጠፊያው እንደ አሮጌ በር ይንቃቃ ጀመር፤ ሻጩም «ሲገዙት እንዲሁ ነበር» አለኝ።

ደንበኛ፦ ሱቅ መምረጥ ነው እንጂ! እኔ ሃያ ዓመት የምገዛቸው ሽማግሌ አፈሙዙን በዓይናቸው አይተው ብቻ የሚስማማውን ጥይት ያቀብሉኛል። በጠመንጃ ሠሪዎቿ በምትታወቀው የኦስትሪያ ከተማ በፌርላኽ የተሠራው ጠመንጃዬም አንድ ቀን እንኳ አላስቸገረኝም።

ባለ16፦ የሽማግሌው ዓይን መቼም የተባረከ ነው። በታችኛው አፈሙዝ ከሚተኮሱት የጥይት ዓይነቶች የ8×57 ኢኤር እና የ8×57 ኢኤርኤስ እርሳስ የሚለያዩት በውፍረት ከአንድ አሥረኛ ሚሊሜትር በጥቂት በሚበልጥ ልክ ነው፤ ወፍራሙን በጠባቡ አፈሙዝ መተኮስ ደግሞ አደገኛ ነው። እኔ ይህን በመለኪያ እንጂ በዓይን ለማየት አልታደልሁም።

እናት አዳኝ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱንም ባለሙያ ያስለኩ። ባዶ መሆናቸውን አረጋግጠው መቀየሪያውንም ይሞክሩት፦ በብዙዎቹ ላይ ወደ ፊት ሲገፋ የኋላው ማነጣጠሪያ ብቅ ይላል፣ የፊተኛውም ምላጭ ወደ ታችኛው አፈሙዝ ይዛወራል። ማነጣጠሪያው ከዘገየ ወይም ከተንጋደደ ዋጋ ያስቀንሱበታል።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አጋዘን ያለበትን ፈትቼ አየሁት፤ «65» የሚል ቁጥር አለው። የካሰሉ፣ ማጠፊያዎን በመጨረሻ ማን አጠበቀልዎ?