ጥቁሩ ዱቄት ነው ያሳመመው? የአባቴ ባቄላ ቆርምድ ይዞታል

የጉዶ በረቱ (ነሐሴ 6)

ሰላም ለዚህ ቤት። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ደብረ ብርሃን አስተማሪ ነኝ፤ አባዬ ጉዶ በረት ገበሬ ነው። ዘንድሮ ለባቄላው ሕያው ማዳበሪያ የሚባለውን እንሞክር ብዬ ሙጭጭ ያልኩት እኔ ነኝ። ያ በከረጢት የሚመጣው ጥቁር ዱቄት። አንዱ 125 ግራም ነው፣ ለአንድ ጥማድ ይበቃል ይባላል። ማሳው ሁለት ጥማድ ስለሆነ ሁለት ገዛሁ። እንደተነገረኝ ጠዋት፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ጎተራው ጥላ ሥር ዘሩን በስኳር ውሃ ረጠብ አድርጌ ዱቄቱን ለወስኩት። እናቴ «ባቄላውን ኑግ አስመሰልከው» ብላ ስትስቅብኝ ነበር። ያኔውኑ ዘራነው። ሰኔ 18 መሆኑ ነው።

እስከ ሐምሌ አጋማሽ አያሳፍርም ነበር። ከዚያ ቅጠሉ ላይ ኪንታሮት የመሰለ አረንጓዴ እብጠት ወጣ። ከላይ ስታዩት ጎድጎድ ያለ ነው፣ ቅጠሉን ስትገለብጡት ከሥር ጉብ ብሎ ይወጣል። አሁን ቅጠሉ ተጨማዶ እብጠቱ ቡናማ እየሆነ ነው። የእኛ ሰው ቆርምድ ይለዋል።

ባለፈው እሁድ አንድ ጎረቤታችን፣ አያ ብዬ የምጠራው ትልቅ ሰው፣ ማሳው ዳር ቆሞ አባዬን «ልጅህ በሽታ በከረጢት ገዝቶ አመጣልህ» አለው። አባዬ ለእኔ ምንም አላለኝም። ግን ሁልጊዜ ስሄድ «ና ማሳውን እንይ» የሚለኝ ሰው በዚያ ቀን ስለ ማገዶ እርጥበት ሲያወራኝ ዋለ። እሱ ነው ያሳመመኝ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ዱቄቱ ይህን በሽታ ሊያመጣ ይችላል? አሁንስ የሚደረግ ነገር አለ?


ባለ ጋቢው (ነሐሴ 6)

ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ባቄላ ዘርቻለሁ። በእኛ ጊዜ ዱቄትም አልነበረም፣ ቆርምድም አልነበረም። ሁለቱም አንድ ሰሞን ነው የመጡት። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?


ሥር ቆፋሪ (ነሐሴ 7)

ባለ ጋቢው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እንዲያ ከሆነማ ሞባይልም ያኔውኑ ነው የመጣው።

እኔ በሰብል ምርምር ቴክኒሻን ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ሥራዬ ባብዛኛው ሥር መቆፈርና ማጠብ ነበር፣ ስሜም ከዚያ ነው። ዱቄቱ ውስጥ ያለው ራይዞቢየም የሚባል ባክቴሪያ ነው። የባቄላው ሥር ውስጥ ገብቶ ትንንሽ እንክብል ያወጣል፣ ኖዱል እንለዋለን። እዚያ ተቀምጦ ከአየሩ ናይትሮጅን እየያዘ ለባቄላው ይሰጣል፣ ባቄላው በፈንታው ስኳር ይቀልበዋል። ከአየሩ 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፣ ግን ተክል እንዳለ ሊወስደው አይችልም። ይኸው ባክቴሪያ አተርን፣ ምስርንና ጓያንም ያገለግላል። ሽምብራ ግን የራሱ ሌላ አለው፤ ለባቄላ የተገዛውን ሽምብራ ላይ ለውሰው «አልሠራም» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል።

የቆርምድ ፍጡር ከዚህ ጋር ዝምድና የለውም። እኛ ለዓመታት ናሙና ስንሰበስብ ከረጢቱ ላይ «ኦልፒዲየም» ብለን ነበር የምንጽፈው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት የኢትዮጵያን ባቄላ በዘረመል መርምሮ «ኦልፒዲየም አይደለም፣ ፊዞደርማ ነው» አለ። ስንቱን ከረጢት በውሸት ስም እንዳሸግን ሳስበው ያስቀኛል። ስሙ ይቀየር እንጂ ጠባዩ ያው ነው፦ አፈርና የታመመ ቅሬታ ውስጥ ጠንካራ ዘር ሆኖ ይከርማል፣ ክረምት ሲገባ ጭራ ያላት ጥቃቅን ዘር ይለቃል፣ እሷም በውሃ ላይ እየዋኘች ለጋ ቅጠል ትይዛለች። ብርድና ዝናብ ይወዳል። ጉዶ በረት ላይ ደግሞ ሁለቱም ሞልቷል። ደጋችን ላይ መታየት ከጀመረም ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ይህን ግን ለጎረቤታችሁ ብትነግራቸው ወሬ በወሬ ነው የሚሆነው። ይልቅ እስቲ ንገረኝ፦ ዱቄት ያልነካው ባቄላ እዚያው ማሳ ላይ የለም? አምና ምን ተዘርቶበት ነበር? ውሃስ ይተኛበታል?

ከዚያ ከሁለቱም ወገን አምስት አምስት እግር ቆፍር። አትንቀል! ከነቀልክ ኖዱሉ አፈር ውስጥ ይቀራል፣ «ምንም የለውም» ትላለህ። በዶማ ከነአፈሩ አንሣው፣ ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክረህ አፈሩ ራሱ እስኪለቅ ጠብቅ። ኖዱሉን በጥፍርህ ፈንክተው። ውስጡ እንደ ጥሬ ሥጋ ቀይ ከሆነ ሥራ ላይ ነው፤ በደማችን ያለው ቀይ ነገር ዘመድ ነው ያለበት። አረንጓዴ ወይም ግራጫ ከሆነ ወይ አርጅቷል፣ ወይ ቀድሞም አልሠራም። ፍልሰታ ነው ብለህ አትሳቀቅ፣ አይገድፍም።


የእነዋሪዋ (ነሐሴ 8)

የውሃውን ነገር ሥር ቆፋሪ ካነሣው እኔም ልጨምር። እኛ ሞረትና ጅሩ መረሬ መሬት ነው፣ ክረምት ላይ እግር ከገባ ጫማው እዚያው ይቀራል። ልጅ ሆነን ከእናቴና ከእህቶቼ ጋር ከማረሻው ኋላ እየተከተልን አፈሩን በእጃችን እየዛቅን ሰፊ መደብ እንሠራ ነበር፣ መሀሉን ለውሃው ቦይ እየተውን። ጥፍራችን እስከ መስከረም ጥቁር ነው። በኋላ በ1980ዎቹ የፈረንጆቹ ዘመን ተመራማሪዎች ይህንኑ አይተው በሬ የሚጎትተው መደብ ማውጫ ከማረሻችን ሠሩ፣ ቢቢኤም የሚባለው። ወንዶቹ ያኔ ነው ሥራውን የወደዱት፤ በእጅ ሲሆን የሴትና የልጅ ነበር።

የባቄላውን በሽታ እኛ ሠፈር ሳየው ሁልጊዜ የሚብሰው ቦዩ የተደፈነበት ቦታ ላይ ነው። እኔ ሳይንሱን አላውቅም፣ ያየሁትን ነው። ወንድሜ፣ አባትህ ጋ ስትሄድ መጀመሪያ ረባዳውን እይ።


የጉዶ በረቱ (ነሐሴ 14)

ለቡሄ ሄጄ ነበር፣ አሁን ነው የተመለስኩት። ሙልሙሉን ሳልጨርስ ዶማ አነሣሁ።

መጀመሪያ ዱቄት ያልነካው የለም ብዬ ነበር። እናቴ ናት ያስታወሰችኝ። በዘሩ ቀን ዘር አነሰንና ለሽሮ ካስቀመጠችው ላይ ቀንሳ ነበር ያመጣችው፤ ዱቄቱ ግን አልቆ ነበር። አባዬ እንዲሁ በግራ በኩል፣ ከቦዩ ጥግ፣ ወደ ስድስት ትልም በባዶው ዘራው። እኔ ረስቼዋለሁ፣ እሱ ግን ትልሙን በጣቱ ጠቆመኝ።

በየወገኑ አሥር አሥር እግር ቅጠሉን አየን። ዱቄት የነካው ስምንቱ ታሟል። ያልነካው ዘጠኙ። አባዬ ሁለት ጊዜ ነው የቆጠረው፣ ሁለተኛውን እኔን ወደ ኋላ አድርጎ።

ከዚያ ሥሩ። ባልዲ የለንም፣ በእንስራው ስባሪ ነከርነው። ዱቄት የነካው ዋናው ሥር አናት ላይ እንደ ወይን ዘለላ ተሰብስቦ ነው ያለው፣ ባንዱ እግር ላይ ከ40 በላይ ቆጠርኩ። ስፈነክተው ቀይ ነው። በእውነት ቀይ ነው። አባዬ ከእጄ ወሰደና ራሱ ሌላ ፈነከተ፣ አውራ ጣቱን አየው፣ ሱሪው ላይ ጠረገው፣ ሌላ ፈነከተ። ያልነካውም ግን ባዶ አይደለም። አነስ አነስ ያለ፣ በየጭራው የተበተነ፣ ወደ 20 ይሆናል፤ አብዛኛው ውስጡ ቀይ ነው፣ አንዳንዱ ብቻ ነጣ ያለ። ይህ ግራ አጋባኝ። ሳንገዛለት ከየት አመጣው?

የአምናውን ጠይቀኸኝ ነበር። አምናም ባቄላ ነበር። ካቻምና ገብስ።

ይህን ስጽፍ እያፈርኩ ነው። አባዬ አምና ባቄላውን ካነሣ በኋላ «ከርሞ ስንዴ ነው» ብሎ ነበር። የማዳበሪያውን ዋጋ ታውቁታላችሁ። «ባቄላ ዩሪያ አይፈልግም፣ ደግመው፣ እኔ ሕያው ማዳበሪያ አመጣልሃለሁ» ያልኩት እኔ ነኝ። አባዬ «በባቄላ ላይ ባቄላ?» ብሎ አንዴ ጠይቆኝ ነበር፣ ከዚያ ዝም አለ።


ሥር ቆፋሪ (ነሐሴ 14)

በል እንግዲህ ራስህ መለስከው። ዱቄቱ ነፃ ነው። የከረመው የቆርምድ ዘር ካምናው ባቄላ ቅሬታ ላይ አፉን ከፍቶ ሲጠብቅ፣ እናንተ ለጋ ባቄላ አቀረባችሁለት። ስድስቷ ትልም ቦዩ ጥግ መሆኗና ዘሩም ከሌላ ቋት መሆኑ ንጽጽሩን ትንሽ ያበላሸዋል፣ በሙከራ ማሳ ላይ ቢሆን አለቃዬ ይጮኽብኝ ነበር፤ ላንተ ጥያቄ ግን ይበቃል።

ሳንገዛለት ከየት አመጣው ላልከው፣ ከአፈሩ። ባቄላ እዚያ አገር ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ስለኖረ ባክቴሪያውም አብሮ ኖሯል። ስለዚህ እውነቱን ልንገርህ፣ እንዲህ ባለ መሬት ላይ ዱቄቱ አንዳንዴ ልዩነት ያሳያል፣ አንዳንዴ ጭራሽ አያሳይም። ጉድ የሚያሰኘው እንደ አኩሪ አተር ያለ እንግዳ ሰብል ሲሆን ነው፣ ለሱ የሚሆነው ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ አፈሩ ውስጥ ስለሌለ። የአባትህ 40 እና 20 ኖዱል ጥሩ ምልክት ነው፣ ግን ኖዱል አይበላም። የሚለየው ሲወቃ ነው። ስድስቷን ትልም ለብቻ ውቁና ከዱቄቱ ወገን ስድስት ትልም ጋር መዝኑ።

«ባቄላ ዩሪያ አይፈልግም» ያልከው ትክክል ነው። ደህና የያዘ ባቄላ በሄክታር ከ100 ኪሎ በላይ ናይትሮጅን ሊያስር ይችላል። ዩሪያ 46 በመቶው ነው ናይትሮጅን፣ ስለዚህ ከሁለት ኩንታል በላይ ዩሪያ ማለት ነው። ከዚያ ብዙው ከፍሬው ጋር ወደ ጎተራ ይሄዳል፣ መሬቱ ላይ የሚቀረው ያነሰ ነው። የቀረችውን ደግሞ የሚጠቀምባት ተከትሎት የሚዘራው ገብስ ወይ ስንዴ ነው። አባትህ ስንዴ ያለው ለዚህ ነው፣ ስሙን ባይጠራውም። ባክቴሪያው ፎስፈረስም አይሰጥም፣ ኤንፒኤስ የምትባለው ፎስፈረስ ያለባት ማዳበሪያ ትንሽም ብትሆን ከዘሩ ጋር ካልገባች ይለግማል። ዱቄቱንና ማዳበሪያውን ግን አንድ ላይ አታሽ፣ ጨው ነው፣ ይገድለዋል።

መድኃኒቱ፣ ባይሌተን የሚረጩት አሉ፣ ይረዳል። ግን እብጠቱ ብቅ ሲል ነበር። አሁን አበባ ከያዘ ብርህን አታባክን። ልጆች እሸት ሊቀጥፉበትም ቀርቧል።


ባለ ጋቢው (ነሐሴ 15)

ቆጥረህ መምጣትህን ወድጄዋለሁ። ቃሌን በከፊል አንሥቻለሁ። በባቄላ ላይ ባቄላ ግን እኔን ብትጠይቀኝ ያለ ምርምርም እነግርህ ነበር።


የጉዶ በረቱ (ነሐሴ 23)

ትናንት ሄጄ ነገርኩት። «አባዬ፣ ዱቄቱ አይደለም፣ ማስደገሜ ነው» አልኩት። በሬውን እያሠረ ነበር። «እሱንማ እኔም አውቃለሁ» አለኝ። አያም ሲናገረው ዝም ያለው ለዚህ ኖሯል፤ ዱቄቱን ሊከራከርለት ቢነሣ ማስደገሙን ሊናገር ነው፣ ያን ደግሞ ልጄ ነው ያስደገመኝ ማለት አልፈለገም።

ከዚያ ማሳው ውስጥ ገብቶ ከዱቄቱ ወገን አንድ እግር ቆፈረ፣ በጥንቃቄ፣ አልነቀለም። አጥቦ በጋቢው ጫፍ ቋጠረው። ዛሬ ሰንበቴ ስላላቸው ለአያ ሊያሳየው ይዞት ሄዷል። ምን እንደተባባሉ ገና አልደወለልኝም።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ፣ ገለባውስ? ለበሬዎቹ ሌላ መኖ የለንም፣ ማቃጠል አይሆንልንም።


ሥር ቆፋሪ (ነሐሴ 23)

አታቃጥሉት። ቤት አምጡና ከቤት ይመገቡት፣ አውድማው ላይ የቀረውን እብቅ ሰብስቡ፣ ወደ ማሳው አይመለስ። ፍጉንም ለባቄላ መሬት አትበትኑት። እናትህ ለኩበት ታድርገው፣ መቼም ለክረምቱ ማገዶ ያስፈልጋታል። ያ ማሳ ሁለት ሦስት ዓመት ባቄላም አተርም ባያይ ጥሩ ነው። ቦዩን ደግሞ እንደ እነዋሪዋ ሰፋ አድርጉት።

አያ ምን እንዳሉ ግን ጻፍልን።