የእናቴ እግር፣ አልዘጋ ያለ ቁስልና የጣና ውሃ፦ ምን ትመክሩኛላችሁ?

የሽምብጧ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ከገበያ ስትመለስ ባጃጅ ገጭቷት የግራ እግሯ ከጉልበት በታች ተሰበረ። ኦፕራሲዮን ተደርጋ ብረት ገብቶላታል። አሁን ዘጠነኛ ሳምንቷ ነው። አጥንቱ እየያዘ ነው ብለውናል፣ በክራንች እየተደገፈች ጫን እያለች እንድትራመድም ፈቅደዋል። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቁርጭምጭሚቷ ደርቆ አልታጠፍ ብሏል። ሁለተኛ፣ የስፌቱ ታችኛው ጫፍ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ አልዘጋ ብላለች። አንዳንድ ቀን ትደርቃለች፣ አንዳንድ ቀን ቢጫ ውሃ ታወጣለች። እናቴ ስኳርም አለባት፣ ኪኒን ትወስዳለች።

ከሆስፒታል ስንወጣ ስለ እንቅስቃሴም ሆነ ስለ ቁስል አጠባ የነገረን ሰው የለም። ወረቀት ሰጡን፣ ወጣን። አሁን ቤታችን የሐኪሞች ቦርድ ሆኗል። ጎረቤታችን «ጣና ውስጥ እስከ ወገቧ አስገብታችሁ አራምዷት፣ ውሃ አጥንት ያጠናል፣ ፈረንጅም በውሃ ነው የሚያክመው» ይላሉ። ወንድሜ ማታ ማታ እግሯን በሳፋ ሙቅ ውሃና ጨው ይዘፈዝፍላታል። አክስቴ ደግሞ ጠበል ካልሄደች ብላ ቆማለች። እናቴ ራሷ ከሁሉም የምትፈልገው ጠበሉን ነው።

ሐይቁ ይሁን ወይስ ይቅር? ዝፍዘፋውስ? ቁስሉን በምን ልጠብላት?

ዓባይ ማዶ 7 ቁጥር

እታለም፣ እኔ ኳስ ስጫወት ጉልበቴ ተጎድቶ ጣና ውስጥ እየዋኘሁ ነው የዳንኩት። ሦስት ወር ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት። ውሃ ውስጥ ሰው ላባ ነው። አትፍሩ፣ አስገቧት።

ፊዚዮ ነኝ

ፊዚዮቴራፒ (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና) ጎንደር ነው የተማርኩት፣ አሁን ባሕር ዳር እሠራለሁ። ጎረቤታችሁ ግማሹን ልክ ናቸው። ውሃ አጥንት አያጠናም፣ ሸክም ግን ያቀላል። ሰው እስከ እምብርቱ ውሃ ውስጥ ሲቆም እግሩ የሚሸከመው የክብደቱን ግማሽ ያህል ነው። እስከ ደረቱ ሲገባ ሲሶ ግድም ይቀራል። እስከ አንገቱ ከሆነ ከአሥር አንድ እጅ ያህል። እናትሽ 60 ኪሎ ቢሆኑ፣ ደረታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ሲቆሙ እግራቸው ላይ የሚያርፈው 20 ኪሎ አካባቢ ነው። መሬት ላይ የሚያነክስ ሰው ውሃ ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚራመደው ለዚህ ነው።

ሌላም አለው። ውሃ ከየአቅጣጫው ይጫናል፣ ወደ ታች በወረድሽ ቁጥር ደግሞ ግፊቱ ይበረታል። ስለዚህ ከሁሉ በላይ የሚጨመቀው እግር ነው፣ ያበጠውም እሱ ነው። አንድ ሜትር ጥልቀት ላይ ያለው ግፊት ፋርማሲ ከሚሸጠው የእብጠት ካልሲ ይበልጣል። ለጡንቻ ማጠንከሪያም ጥሩ ነው። ቀስ ብለሽ ብትገፊው ቀስ ብሎ ይመልስልሻል። ፍጥነትሽን እጥፍ ብታደርጊው ግን ተቃውሞው አራት እጥፍ ይሆናል። በሽተኛው ራሱ ክብደቱን ይመርጣል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው ንጹሕ፣ ሞቅ ያለና ወለሉ የሚታወቅ ውሃ ውስጥ ነው። የሕክምና ገንዳ ከ33 እስከ 36 ዲግሪ ይሞቃል። ጣና ከዚያ በብዙ ይቀዘቅዛል፣ ጡንቻ ደግሞ ሲበርደው ይጨማደዳል። ታቹ ጭቃና ድንጋይ ነው። ብረት የገባበት እግር አንዴ ቢንሸራተት ዘጠኙ ሳምንት ውሃ በላው። ቢልሃርዝያውን ሌላ ሰው እንደሚነግርሽ አልጠራጠርም። ቁስሉ እያለ ደግሞ ሐይቅ ቀርቶ የሆቴል ገንዳም አይታሰብም።

ዓባይ ማዶ፣ ወንድሜ፣ አንተ ያኔ ክፍት ቁስልም ስኳርም አልነበረብህም።

እስከዚያው በደረቅ የሚሠራ ብዙ ነገር አለ። ሁለቱ ይበቋቸዋል። አንደኛው በነጠላ ነው። አልጋ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ይቀመጡ፣ ነጠላውን አጥፈው የእግራቸው መዳፍ ላይ ጣል ያድርጉና ሁለቱን ጫፍ ይዘው ወደ ራሳቸው ይሳቡ። ባታቸው ውጥር ሲል 30 ሰከንድ መያዝ፣ መልቀቅ፣ አምስት ጊዜ መድገም። ነጠላው ቁስሉን እንዳይነካ። ሁለተኛው ፊደል መጻፍ ነው። እግራቸውን ከፍራሹ ጠርዝ አሳልፈው በአውራ ጣታቸው አየር ላይ ሀ፣ ሁ፣ ሂ እያሉ ይጻፉ። ጉልበታቸው ሳይነቃነቅ ቁርጭምጭሚታቸው ብቻ ይሥራ። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሁለት ሁለት ቤት ፊደል። የእንግሊዝኛውን ከሚጽፉት የእኛው ይሻላል፣ ኩርባው ብዙ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ባታቸው ድንገት ቢያብጥ፣ ቢሞቅና ቢያም ወጌሻ ጠርታችሁ እንዳታሳሹ። የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፣ ወዲያው ሐኪም ቤት ነው።

ነጭ ጋዋን

ነርስ ነኝ፣ ቁስል ማጠብ የዕለት ሥራዬ ነው። ጥያቄውን ሳነብ ዓይኔ የቆመው ሐይቁ ላይ ሳይሆን ያቺ የምስር ፍሬ ላይ ነው። ብረት ባለበት እግር፣ ስኳር ባለበት ሰው፣ በዘጠነኛው ሳምንት ፈሳሽ የምታወጣ ቀዳዳ የቤት ጉዳይ አይደለችም። ላይዋ ትንሽ ሆኖ ወደ ውስጥ እስከ ብረቱ የሚደርስ መንገድ ሊኖራት ይችላል። በዚሁ ሳምንት ኦፕራሲዮን ያደረጓቸው ሐኪም ዘንድ ውሰጃቸው። ራጅና የስኳር ምርመራ ይደረግላቸው። ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝታችሁ አትጀምሩ። ሐኪሙ ከቁስሉ ናሙና መውሰድ ከፈለገ ውጤቱ ይበላሽበታል።

ወንድምሽን አመስግኚልኝና ዝፍዘፋውን ያቁም። ልብስ ስታጥቢ ቆይተሽ ጣትሽ እንዴት እንደሚነጣና እንደሚጨማደድ ታውቂያለሽ? የቁስሉ ዳርቻም እንደዚያ ይሆናል። የላላ ቆዳ ደግሞ ይቀደዳል። ከጣቶቻቸው መሀል የወጣው ቆሻሻም በዚያው ሳፋ ውስጥ እየዞረ ቁስሉ ዘንድ ይደርሳል። በዚያ ላይ ስኳር የቆየበት እግር ሙቀት አይለይም። ውሃው እየላጣቸው «ደስ ይላል» ሊሉ ይችላሉ። አይቼዋለሁ።

ድሮ በውጭ አገር ሆስፒታሎች ቁስል የሚሽከረከር ውሃ ባለበት ገንዳ ውስጥ ይነከር ነበር። አሁን አብዛኛው ቦታ ትቶታል። የአንዱ ጀርም ለሌላው ይተርፋል፣ በተለይ ስዶሞናስ የሚባለው እርጥበት ወዳድ ባክቴሪያ ከገንዳ ቱቦ በቀላሉ አይወጣም። ዛሬ ውሃው ቁስሉ ላይ ይፈሳል እንጂ ቁስሉ ውሃ ውስጥ አይገባም።

አጠባው እንዲህ ነው። ለመጠጥ የሚሆን ንጹሕ የቧንቧ ውሃ ቁስል ለማጠብ ይበቃል፣ ከጨው ውሃ የሚያንስበት ነገር የለም። የኛ ሰፈር ውሃ ግን መጥፋቱ አይቀርም፣ ሮቶ ውስጥ ስንት ቀን እንደቆየ አይታወቅም። ስለዚህ አፍሉት። ባሕር ዳር ከፍታዋ 1,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 94 ገደማ ላይ ይፈላል፤ ቢሆንም ሦስት ደቂቃ ከተንተከተከ ለዚህ ሥራ በቂ ነው። ተከድኖ ይብረድ። ለብ ሲል፣ የእጅሽ አንጓ ላይ ጠብ አድርገሽ ሙቀትም ቅዝቃዜም ካልተሰማሽ ልኩ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ቁስሉን ያበርደዋል፣ የበረደ ቁስል ሥራውን ያቆማል። ጨው ካልጨመርኩ ቅር ይለኛል ካልሽ ለአንድ ሊትር 9 ግራም ነው፤ ለግማሽ ሊትር ደፈን ያላለ አንድ የሻይ ማንኪያ። የተረፈውን በማግሥቱ ድፊው።

እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ከላይ ወደ ታች በንጹሕ ጆግ አፍስሺ፣ ሳፋው ከሥር የወረደውን ይቀበል። አትፈትጊው። ዙሪያውን በንጹሕ ጎዝ ቀስ ብለሽ ጫን ጫን እያደረግሽ አድርቂ፣ ሸፍኚ። አልኮል፣ በረኪና፣ የቡና ዱቄት፣ የጥርስ ሳሙና… አደራ። የቡና ዱቄት ከቁስል ውስጥ ለቅሜ ለቅሜ ስልችት ብሎኛል።

የታንኳ ልጅ

ዘጌ ነው ያደግሁት፣ ቢልሃርዝያውን እኔ ልንገርሽ። በሽታው ከትል ነው፤ ትሉን ደንገሉ ሥር ያለው ትንሽ ቀንድ አውጣ ነው የሚያሳድገው። ትሉ ከእሱ ይወጣና ውሃ ውስጥ ይዋኛል፣ ሰው ሲያገኝ በቆዳው ይገባል። ቁስል አያስፈልገውም፣ ደቂቃዎች ይበቁታል። በብዛት የሚወጣው ፀሐይ ከበረታች በኋላ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ነው፤ ሰው «ውሃው ሞቀ» ብሎ የሚገባበት ሰዓት ማለት ነው። የኛ አካባቢው የአንጀቱ ዓይነት ነው። እኔ ሁለት ጊዜ ይዞኛል። ሰገራ ተመርምሬ ፕራዚኳንቴል የሚባለውን የትሉን መድኃኒት በኪሎዬ ልክ ሰጡኝ፣ ዳንኩ። ዝም ብለው የተዉት ሰዎች ጉበታቸው ተጎድቶ አይቻለሁ።

ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ አለ። ክራንች ይዞ ከጉማሬ መሮጥ አይታየኝም።

ዓባይ ማዶ 7 ቁጥር

ሦስት ወር ስዋኝ ሰገራ ተመርምሬ አላውቅም። ሰኞ እሄዳለሁ።

ፍል ውሃ ወዳጅ

ዋንዛዬ ፍል ውሃ ውሰጇት እንጂ! ከሐሙሲት ገባ ብሎ፣ ጉማራ ወንዝ ዳር። የወገብ ሕመሜን የነቀለልኝ እሱ ነው።

ፊዚዮ ነኝ

ዋንዛዬን አልነካም፣ እኔም ሄጄ ተዝናንቼበታለሁ። የደረቀ ወገብ ይፈታል። ግን ብዙ ሰው የሚታጠብበት ነው፣ ሙቀቱንም እንደ ገንዳ አትቆጣጠሪውም። ክፍት ቁስልና ስኳር ላለባቸው አይሆንም። ቁስሉ ተዘግቶ ቢሄዱ እንኳ መጀመሪያ አንቺ ክርንሽን ነክረሽ ፈትሺ።

የቄስ ልጅ

ስለ ጠበሉ ማንም ደፍሮ አልመለሰም፣ እኔ ልሞክር። እህቴ፣ እናትሽን ጠበል አትከልክያቸው። መከልከሉ ራሱ ሕመም ይሆንባቸዋል። አባቴ ጠበል ቤት አገልግሏል፣ ቁስል ያለበት ሰው ሲመጣ የሚያደርገውን ልንገርሽ። ከጉልበት በታች በፌስታል ያስጠቀልላል፣ አፉን በፋሻ ጠበቅ ያስደርጋል፣ ወንበር ላይ ያስቀምጥና ከላይ ያጠምቃል። ተጠራቅሞ በቆመው ውስጥ አያስገባም። ፌስታሉ እንደወጡ ይፈታ፣ ሲጠብቅ ደም ያግዳል። ጠዋት ባዶ ሆድ መጠመቅ ካለ ደግሞ የስኳሩን ኪኒን እንዴት እንደሚወስዱ ሐኪሙን አስቀድመሽ ጠይቂ። ኪኒኑን ተዪ የሚል ቄስ ካጋጠመሽ ሌላ ጠበል አለ።

የሽምብጧ ልጅ (ጠያቂ)

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። መጀመሪያ እግዜር ይስጥልኝ፣ በተለይ ነጭ ጋዋን።

ባላችሁኝ ሳምንት ወሰድናት። ሐኪሙ ቀዳዳዋን አየና በመቆንጠጫ ጫፍ ገባ አድርጎ ፈለገ። ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? ክር። የስፌት ክር! የጣት ጥፍር የማይሞላ ሰማያዊ ክር፣ ጫፉ ላይ ቋጠሮ አለው። ወንድሜ ጎዙ ላይ አስቀምጦ በስልኩ አነሳው። ሰውነቷ አልቀበልም ብሎ እየገፋ ሊያስወጣው ይታገል ነበር አሉን። ራጁ ላይ ብረቱም አጥንቱም ደህና ነው። ስኳሯ ግን በባዶ ሆድ 230 ነበር፣ መድኃኒቷ ተስተካከለ። በጆግ እያፈሰስኩ ሳጥብላት በ12 ቀን ድርቅ አለ። ጠበሉንም ወንበር ላይ ተቀምጣ ተጠመቀች፣ ፌስታሉን የያዘችው አክስቴ ናት።

ፊደሉ መጀመሪያ ላይ ሀ ሳይሆን ጭረት ነበር። አሁን እነ ጠ ላይ ደርሳለች፣ የልጅ ልጆቿ አብረዋት ይጽፋሉ። ሐኪሙ ቁስሉ እንደተዘጋ ከቆየ ገንዳ ትግባ ብሏል። አንድ ሆቴል ለሰዓት ክፍያ እንደሚያስገባ ጠይቄያለሁ። እንዴት እንጀምር? ደግሞ «በዋና ልብስ አልታይም» ብላኛለች።

ፊዚዮ ነኝ

ደስ ብሎኛል። ከገባችሁበት ቀን በፊት ሁለት ሳምንት ሙሉ አንዲት ጠብታ ያልወጣው ይሁን። ውሃው ክሎሪን ያለው፣ ታቹ የሚታይ ገንዳ ምረጪ። ደረጃና መያዣ ብረት ይኑረው፣ በመሰላል እንዳይወርዱ። ሆቴሎቹ ውሃውን ብዙ ስለማያሞቁት ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትመታው ሂዱ። መጀመሪያ ቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል፣ ከበረዳቸው ከዚያም በፊት ይውጡ። ደረታቸው ድረስ ይግቡ፣ ጠርዙን ይዘው ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን ይራመዱ። ተረከዝ ቀድሞ ይረፍ። በየሳምንቱ ሳያማቸው ከሄደ ወደ ወገብ ጥልቀት ውጡ፣ ሸክሙ በዚያ ይጨምራል። አንቺ ውሃው ውስጥ አጠገባቸው ሁኚ፣ ዳር ቆመሽ ፎቶ አታንሺ። ከመግባታቸው በፊት ስኳራቸውን ለኩ፣ ምግብ ይብሉ፣ ከረሜላ በቦርሳ ይኑር። ሲወጡ ክብደታቸው ባንዴ ስለሚመለስባቸው ክራንቹ ደረጃው አፍ ላይ ይጠብቃቸው። እግራቸውን አድርቀሽ በጣቶቻቸው መሀል እይላቸው።

ነጭ ጋዋን

ስለ ልብሱ፦ ቀሚስ አይሆንም፣ ውሃ ሲጠጣ ይከብድና እግር ይጠልፋል። ጥቁር ታይትና እጅጌው ረዘም ያለ ቲሸርት ይልበሱ። ሻሹን አያውልቁ ከፈለጉ፣ ማን ይከለክላቸዋል። የላስቲክ ጫማ ግን ግድ ነው፣ ስኳር ያለበት እግር በባዶው የገንዳ ወለል አይረግጥም።

የሽምብጧ ልጅ (ጠያቂ)

ነገርኳት። «ታይቱን አንቺ ግዢልኝ፣ ጫማውን ራሴ እመርጣለሁ» ብላለች።