ዛክሰን አንሃልት ያላችሁ ሐበሾች፣ ለጳጉሜው ምርጫ ምን አስባችኋል? ፓስ ልቀይር ወይስ ከተማ?

ሃለ_ነኝ፦

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ሃለ ነው፤ አልተንሃይም (የአረጋውያን መጦሪያ) ውስጥ ነርስ ነኝ። አውስቢልዱንጉን (የሙያ ሥልጠናውን) እዚሁ ጨርሼ ኒደርላሱንግ (የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ) ካገኘሁ ቆይቻለሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ጳጉሜ 1፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 6 ቀን 2026፣ የዛክሰን አንሃልት ምክር ቤት ምርጫ ነው። ስደተኛ የሚቃወመው ቀኝ ፓርቲ አ.ኤፍ.ዴ በፌብሩዋሪ 2025ቱ የፌዴራል ምርጫ በአገር ደረጃ 20.8 በመቶ ሲያገኝ በእኛ ክልል ግን 37 በመቶ ነው ያመጣው። "ጎረቤት ክልል ቱሪንገንም አንደኛ ወጥቶ አልገዛም" ብላችሁ አታጽናኑኝ። እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ሒሳብ ነው። ከ5 በመቶ በታች ያመጣ ፓርቲ ድምፁ ይቃጠላል። በፌዴራሉ ምርጫ እንዲህ የተቃጠለው 14 በመቶ ግድም ነበር፤ አንዱ ፓርቲ 4.98 በመቶ አምጥቶ ውጭ ቀርቷል። እዚህም እንደዚያ ከሆነ ብቻውን ለመግዛት 43 በመቶ ይበቃዋል።

ሥራ ቦታ ያለውን ልንገራችሁ። ከእኔ ጋር ፍሩዲንስት (የጠዋት ሽፍት) የምትገባ ጀርመናዊት አለች። ልጄ ስትታመም ሽፍት የምትቀይረኝ እሷ ናት፤ አልጋ ላይ የዋለ ሰው ስናገላብጥም "ወገብሽን ጠብቂ" ብላ ከባዱን ወገን የምትይዘው እሷ ናት። በቀደም እረፍት ክፍል ቁጭ ብላ ስልኳ ላይ የአ.ኤፍ.ዴን ቪዲዮ ስታይ ደረስኩ። አልደበቀችም። ቀና ብላ "አንቺን እኮ አይደለም የሚሉት፤ አንቺ ትሠሪያለሽ" አለችኝና ማየቷን ቀጠለች። ክፋት አልነበረባትም፤ እንዲያውም ልታጽናናኝ ነው። እኔን ግን ሲከነክነኝ ዋለ። ታዲያ ማንን ነው? የአክስቴ ልጅ ዱልዱንግ (ጥገኝነት ተከልክሎ ለጊዜው እንዳይባረር የሚሰጥ ወረቀት) ይዞ ሃይም፣ የስደተኞች መኖሪያ፣ ተቀምጧል። አይሠራም፤ ወረቀቱ ላይ ሥራ አይፈቀድለትም ተብሎ ስለተጻፈበት። ደግሞስ ትራም ስንሳፈር እኔ ሠራተኛ እሱ ሥራ ፈት መሆናችንን ማን ግንባራችን ላይ ያነበዋል? በዲሴምበር 2024 ማግድቡርግ የገና ገበያ ላይ ያ ሁሉ ሰው በመኪና ከተገጨ በኋላ እዚህ አካባቢ ትራም የተሳፈረ ያውቀዋል። የተያዘው ሰው እስልምናን የሚጠላና አ.ኤፍ.ዴን በኢንተርኔት የሚያወድስ ሳዑዲ ሐኪም ነበር። በእኛ ላይ ምራቅ የሚተፋው ሰው ግን ይህን ሁሉ አላነበበም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። አምስት ዓመቱን ስላለፍኩ ለዜግነት ማመልከት እችላለሁ። ነገር ግን የእኛ አገር ሕግ ጥምር ዜግነት አይቀበልም፤ የጀርመኑን ስይዝ የኢትዮጵያው ይቀራል። ደብረ ብርሃን እናቴ የሠራችው ቤት ደግሞ በስሜ ነው። ባለቤቴ "ፓስ ፊትሽን አይቀይረው፤ ይልቅ ፍራንክፈርት እንግባ" ይላል። እኔ ሥራዬን እወደዋለሁ፤ ሽማግሌዎቼንም እወዳቸዋለሁ (ግማሾቹ ለማን እንደሚመርጡ እያወቅኩ)። በፍርሃት ብቻ ዜግነት መቀየር ያሳፍራል? ወይስ የማጋንነው እኔ ነኝ?

የማይን_ማዶ፦

እህቴ፣ ነገ ጠዋት አመልክቺ። ስለ ማፈሩ በኋላ እናወራለን።

ባለቤትሽ ስለ ፊት ያለው እውነት ነው። ፓሱ የሚጠቅመው መንገድ ላይ ሳይሆን ቢሮ ውስጥ ነው። ኒደርላሱንግ በፓርላማ ተራ ድምፅ በሚለወጥ ሕግ የተሰጠ ፈቃድ ነው። ዜግነት ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 16 የተጠበቀ ነው፤ ያለፈቃድሽ ሊወሰድ የሚችለው አገር አልባ የማያደርግሽ ከሆነ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሐበሻ ልብ የማይለው ነገር አለ። በኋላ ቻንስለር የሆነው ሜርዝ ራሱ በጃንዋሪ 2025 "ጥምር ዜግነት ያለው ወንጀለኛ ጀርመንነቱን ይነጠቅ" የሚል ሐሳብ አንስቶ ነበር። ይህ ዓይነቱ ሐሳብ የሚያሰጋው ሁለት ፓስ ያለውን ነው። እኛ በአዋጅ ቁጥር 378/1996 የኢትዮጵያውን ስለምናጣ በእጃችን ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ እሱን መንጠቅ ይከብዳቸዋል። የአገራችን ሕግ ሳያስበው ጠቀመን። ማመልከቻው ላይ ከዋሸሽ ግን እስከ 10 ዓመት ድረስ ሊሰርዙት ይችላሉ።

የእናትሽን ቤት በተመለከተ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) አውጪ። አዋጅ 270/1994 ትውልደ ኢትዮጵያዊ የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዲኖረው ይፈቅዳል፤ ያለ ቪዛም ትገቢያለሽ። የሚቀርብሽ መምረጥ፣ መመረጥና የመከላከያና የውጭ ጉዳይ ዓይነት ሥራ ነው።

የዜግነት ፈተናው 33 ጥያቄ ነው፤ 17 ከመለስሽ አለፍሽ። ማመልከቻው 255 ዩሮ። በሦስት ዓመት ማግኘት የሚባለውን በ2025 መኸር ላይ ሰርዘውታል፤ አምስቱን ዓመትም ቢሆን ነገ ስምንት አያደርጉትም ብሎ የሚፈርምልሽ የለም። አንድ ነገር ግን አስቢ፦ አመልክተሽ ከተማ ብትቀይሪ ፋይልሽ አዲሱ ከተማ ይሄዳል፤ ወረፋውም እንደ አዲስ ይሆንብሻል። ስለዚህ ሁለቱን ባንድ ላይ አታድርጊ።

ሰማንያዎቹ፦

ልጄ፣ እኔ በደርግ ጊዜ ነው የመጣሁት፤ ሽቱትጋርት ነው ያረጀሁት። ይህን ፍርሃት አውቀዋለሁ።

በ1992 በእኛ ክልል ሪፑብሊካነር የሚባሉት ቀኝ አክራሪዎች 10.9 በመቶ አግኝተው ምክር ቤት ገቡ። በዚያው ዓመት ኦገስት ሮስቶክ ሊሽተንሃገን ላይ ቬትናሞች የሚኖሩበትን ሕንፃ ሲያቃጥሉ ጎረቤቱ ቆሞ ያጨበጭብ ነበር። በኖቬምበር ሞልን ላይ ሦስት ቱርኮች ተቃጠሉ። እኛ ሐበሾች በር ላይ የተጻፈውን ስማችንን አንስተን ነበር፤ ፖስተኛው ደብዳቤ የሚያደርስበት አጥቶ ይሳደባል።

አሁን ወጣቶች "ያም አለፈ" ሲሉ እሰማለሁ። አዎ፣ ፓርቲው በ2001 ከምክር ቤቱ ወጣ። እንዴት እንደወጣ ግን ልንገርሽ። ሜይ 26 ቀን 1993 ትልልቆቹ ፓርቲዎች ተስማምተው የጥገኝነት መብቱን ከሕገ መንግሥቱ ውስጥ ቆረጡት። በሦስተኛው ቀን ዞሊንገን ላይ የአንድ ቱርክ ቤተሰብ አምስት ሴቶችና ልጆች በእሳት ሞቱ። ሕጉን ስለቆረጡ እሳቱ አልቆመም። ይህን የምልሽ እንድትፈሪ አይደለም። ሁሉም ሰው የሚጠይቀው "ይገዛሉ ወይስ አይገዙም" ነው፤ እንዲህ ያለ ፓርቲ ግን ወንበሩ ላይ ሳይወጣም ሌላው በእሱ ቋንቋ እንዲናገር ያደርጋል። በጃንዋሪ 29 ቀን 2025 የሜርዝ የውሳኔ ሐሳብ በአ.ኤፍ.ዴ ድምፅ 348 ለ 345 ሲያልፍ ቴሌቪዥን ላይ አየሁት። እኔን ከጳጉሜ 1 ይልቅ ያ ቀን ነው ያስፈራኝ።

በፍርሃት ዜግነት መቀየር አያሳፍርም። እኔም ያደረግሁት በ1993 ነው።

ኤርፉርት_ላይ፦

የቱሪንገኑ ምሳሌ እንዲህ በቀላሉ አይጣል፤ እዚሁ ስለሆንኩ። በሴፕቴምበር 2024 አ.ኤፍ.ዴ 32.8 በመቶ አመጣ፣ ከ88 ወንበር 32። አልገዛም፤ ግን ከሲሶ በላይ ስለሆነ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ የሚጠይቅ ነገር ሁሉ ያለ እነሱ አያልፍም። ዳኞችን የሚመርጠው ኮሚቴ እንዲህ ነው የተቀረቀረው። የመጀመሪያውን ስብሰባ የመራው በዕድሜ አንጋፋው ሰው የእነሱ ስለነበር ለሌሎቹ የመናገር ዕድል አልሰጥም ብሎ ቀኑ በጭቅጭቅ አለቀ፤ ቫይማር ያለው የክልሉ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ጣልቃ ገብቶ ነው ከሁለት ቀን በኋላ የቀጠለው። በቀጥታ ስርጭት ለተመለከተ ሰው ወንበር የያዘ አንድ አዛውንት ምን ያህል ነገር ማቆም እንደሚችል ትምህርት ነበር።

እናንተ ጋ ብቻቸውን ቢገዙ ምን ይችላሉ? የመኖሪያ ፈቃድ ሕግ የፌዴራል ነው፤ ኒደርላሱንግሽን ከማግድቡርግ ሆነው መሰረዝ አይችሉም። የሚችሉት አፈጻጸሙን ነው፦ ለአውስሌንደርቤሆርደው (ለውጭ ዜጎች ቢሮው) መመሪያ መስጠት፣ ለዜግነት ክፍሉ ሠራተኛ መንፈግ፣ ሊባረር ያለን ሰው ልዩ ችግር የሚያየውን ኮሚሽን ማዳከም፣ ለስደተኛ አማካሪ ማኅበራት ገንዘብ ማቋረጥ። ፖሊስና ትምህርት ቤትም የክልል ነው። ከሁሉም የሚገርመኝ ይሄ ነው፦ የዛክሰን አንሃልቱን የአ.ኤፍ.ዴ ቅርንጫፍ በኖቬምበር 2023 "የተረጋገጠ ቀኝ አክራሪ" ያለው የክልሉ የሕገ መንግሥት ጥበቃ መሥሪያ ቤት በክልሉ የአገር ውስጥ ሚኒስቴር ስር ነው። ሚኒስቴሩን ከያዙ የሚከታተላቸውን ሰው አለቃ ሆኑ ማለት ነው።

ፓርቲው ይታገዳል ብላችሁም አትጠብቁ። ካርልስሩኸ ያለው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እስካሁን ያገደው ሁለት ፓርቲ ነው፣ በ1952 እና በ1956። ኒዮ ናዚውን ፓርቲ ኤን.ፔ.ዴን እንኳን ሁለት ጊዜ ሞክረው አልሆነም።

ለአክስትሽ ልጅ ግን ከጳጉሜ በፊት የሆነ ነገር አድርጉ። የሥራ ክልከላው በምን ምክንያት እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቅ። የመታወቂያ ጉዳይ ከሆነ ብዙ ጊዜ መፍትሔ አለው።

ላይፕዚግ፦

ሥራሽን ሳትለቂ እዚህ መኖር ትችያለሽ፤ በባቡር ግማሽ ሰዓት አካባቢ ነው። ዛክሰንም ያው 37 በመቶ ነው እንግዲህ፣ ከተማው ግን ይለያል።

እውነቱን_ልናገር፦

እኔ ማግድቡርግ ነኝ፤ ፓስ አለኝ፤ እመርጣለሁም። ሁላችሁም ስለ ናዚ ታወራላችሁ። በ2025ቱ ምርጫ ከሠራተኛው መደብ 38 በመቶው ለእነሱ ነው የመረጠው። ይሄ ሁሉ ሰው ናዚ ነው? ሐኪም ቤት ቀጠሮ የለም፣ መንደሩ ውስጥ ባቡሩም ሱቁም ተዘግቷል፣ ወጣቱ ወደ ምዕራብ ሄዷል። ቢላ ይዞ የሚዞር ይባረር ቢሉ እኔ ምን አገባኝ? እንዲያውም በእሱ ምክንያት ነው እኔ ትራም ላይ የምገላመጠው። ልምረጣቸው አልልም፣ ግን የሚመርጣቸውን ሰው ስድብ ብቻ እያቀመሳችሁ አትመልሱትም።

ሃለ_ነኝ፦

ወንድሜ፣ ስለ ባቡሩና ስለ ሐኪሙ ያልከው ልክ ነው። አልተንሃይማችን ውስጥ ሰው ጠፍቶ አንድ ፎቅ ዘግተናል፤ የአንዷ ኦማ (አሮጊት) ልጅ እናቱን ለማየት ሰዓታት ይነዳል፤ እዚህ ሥራ አልነበረውም። ተናድዶ ቢመርጥ ይገባኛል። የማይገባኝ ያ የተዘጋው ፎቅ እኔን በማባረር እንዴት እንደሚከፈት ነው።

"ቢላ የያዘው ብቻ" የምትለውን ደግሞ ከባልደረባዬ ሰምቻለሁ። በኖቬምበር 2023 ፖትስዳም የተሰበሰቡት የአ.ኤፍ.ዴ ሰዎችና ቀኝ አክራሪዎች፣ ኮሬክቲቭ የተባለው የምርመራ ጋዜጠኞች ድርጅት እንደዘገበው፣ ስለ ወንጀለኛ ብቻ አይደለም የተወያዩት፤ "ያልተዋሃዱ" ያሏቸው የጀርመን ዜጎችም ዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። አንተም ፓስህን ይዘህ ማለት ነው። ተዋህዷል አልተዋሃደም የሚለውን ማን ይለካል? የቱሪንገን አ.ኤፍ.ዴ መሪ ሆከ የኤስ.ኣ.ን (የናዚ ታጣቂ ቡድን) መፈክር በመጠቀሙ በሜይ 2024 የቀጣው ፍርድ ቤት እዚሁ ሃለ ነው፤ 13,000 ዩሮ። ፍርድ ቤቱን አልፌው ነው የምሄደው። እነሱ ራሳቸው ከዚህ አገር ሕግ ጋር አልተዋሃዱም እኮ።

ጋሼ፣ የስሙን ነገር ያነበብኩት ማታ ነው። እኛ ደወል ላይ የባለቤቴን ስም ብቻ ጽፈናል፤ በጀርመን አፍ ሲያነቡት የጣሊያን ይመስላል። ሆን ብለን ነው።

ለማንኛውም ወስነናል። አመለክታለሁ፤ እስኪያልቅ ከዚህ አንነቃነቅም። ባለቤቴ ያኮረፈ ይመስላል፤ ፍራንክፈርት ከአንድ ሰው ጋር ስለ ቤት ጀምሮ ነበር። የአክስቴን ልጅ ጉዳይ ሰኞ አማካሪ ጋ እንወስደዋለን፤ የኤርፉርቱ፣ እግዜር ይስጥህ። የማይን ማዶ፣ ሁለት ነገር ንገረኝ፦ ቢሮው ዝም ቢለኝስ? ልጄንስ ለብቻዋ ነው የማስገባት?

የማይን_ማዶ፦

ዝም ካሉሽ፣ ወረቀትሽ የተሟላ ሆኖ ያለ በቂ ምክንያት ሦስት ወር ካለፈ በኋላ "ለምን አትወስኑም" ብሎ መክሰስ ይቻላል። ጠበቃ ደብዳቤ ሲጽፍላቸው ብቻ የሚነቁ ቢሮዎች አሉ። ያስገባሽውን ሁሉ ኮፒ አስቀሪ፤ የተቀበሉበትን ማረጋገጫ በጽሑፍ ጠይቂ።

ልጅሽ መቼ ተወለደች? ከጁን 27 ቀን 2024 ወዲህ ከሆነና አንቺ ወይም አባቷ ያኔ አምስት ዓመት ኖራችሁ ኒደርላሱንግ ከነበራችሁ፣ ስትወለድ ጀምሮ ጀርመናዊት ናት፤ ምንም ማመልከት አያስፈልጋትም።

ሃለ_ነኝ፦

በ2023።

የማይን_ማዶ፦

ያኔ ስምንት ዓመት ነበር የሚጠየቀው። ካልሞላችሁ አብረሽ አስገቢያት። 51 ዩሮ ነው።