የመንዝ ሱፍ ለፌልት፦ አልያያዝ አለኝ

ሱፍ ወዳዷ፦ ሰላም ለቤቱ። ከደብረ ብርሃን የመጣ 2 ኪሎ የመንዝ በግ ሱፍ አለኝ፤ የቤት ጫማ በፌልት (ሱፉ ሳይሸመን ታሽቶ ጨርቅ በሚሆንበት ሙያ) ልሠራበት ነው። ሳላጥበው በሳሙናና በሙቅ ውሃ ግማሽ ሰዓት አሸሁት። ሳነሣው ይበጣጠሳል፣ ነጭ ደረቅ ጸጉርም ይወጋል። ጥፋቱ የሱፉ ነው የእጄ? የፌልት መርፌ (ሱፉን እየወጉ የሚያያይዙበት) የሚልክልኝ ሰውም አለ፤ ቁጥር ስንት ልበለው?

ባዘቶ፦ እህቴ፣ ከሁለቱም አለበት። የመንዝ በግ ሱፉ ሻካራ ነው። ያ የሚወጋሽ፣ ስታጥፊው ቀጭ የሚለው ነጭ ጸጉር በምንም አይያያዝም፤ እየለቀምሽ ጣይው። ከቀረው ቁንጥር ወስደሽ አጥበሽ፣ በሳሙና ውሃ በመዳፍሽ መሃል 5 ደቂቃ አድቦልቡዪው። ጠንካራ ኳስ ከወጣው ይሠራል። ከተፍረከረከ አትድከሚበት፣ ትራስ ሙዪበት።

ደጋን፦ አስቀድሞ ቅባቱ ይውጣ፤ አለዚያ ሳሙናሽ ቅባት ሲያጥብ ያልቃል። 60 ዲግሪ አካባቢ ባለው የሳሙና ውሃ፣ በሽንኩርት ከረጢት አድርገሽ 20 ደቂቃ ዘፍዝፊው። አትሺው፣ አታማስዪው። ውሃው ሳይቀዘቅዝ አውጪው፤ ከቀዘቀዘ ቅባቱ ተመልሶ ይለጠፍበታል። ሁለት ሦስቴ ድገሚው፣ ማለቅለቂያውም ያው ሙቀት ይሁን። በረኪና ግን ወዲያ! ሱፍን ያሟሟዋል። ጥላ ላይ ሲደርቅ እንደ ጥጥ በደጋን ይነደፋል።

ሱፍ ወዳዷ፦ እሺ፣ ከተነደፈ በኋላስ?

ሰሌን፦ ጫማውን ለጊዜው ተዪውና 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ናሙና ሥሪ፤ 25 ግራም ይበቃል። በአራት ስስ ንጣፍ ደርድሪው። በብሩሽ የተበጠረ ከሆነ አንዱን በቁመት፣ ቀጣዩን በአግድም፤ በደጋን የተነደፈ ግን ጸጉሩ አቅጣጫ የለውምና ውፍረቱን ብቻ እኩል አድርጊ። በመዳፍሽ ጫን ጫን እያደረግሽ ዳብሺው፤ የሳሳው ቦታ ኋላ ቀዳዳ ነው።

አሮጌ አጎበር አልብሺው። 1 ሊትር ሙቅ ውሃ ላይ 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈቀፈቀ ደረቅ ሳሙና አሟሚና ርጪበት፤ አየሩን በመዳፍሽ ተጭነሽ አስወጪ። የአንቺ የተበጣጠሰው ከመነሻው በኃይል ስላሸሽው ይመስለኛል። የመጀመሪያውን 10 ደቂቃ ዳሰስ ዳሰስ ብቻ ነው። የጸጉሩ ቅርፊት እርስ በርሱ የሚቆላለፈው ቀስ እያለ ነው፤ አረፋ ሲበዛም ይንሸራተታል። አጎበሩን በየመሃሉ ገለጥ አድርጊ፣ አብሮ እንዳይሰፋ።

ከዚያ ቆንጥጠሽ አንሺው። ጸጉር ብቻ ተነጥሎ ከመጣ ገና ነው። ጨርቁ አብሮ ከተነሣ በዱላ ላይ በሰሌን ጠቅልለሽ በአራቱም አቅጣጫ 50 ጊዜ አንከባልዪው፤ በተንከባለለበት በኩል ነው የሚሰበሰበው። በመጨረሻ አለቅልቂውና 1 ሊትር ውሃ ላይ 1 ማንኪያ አቼቶ ጨምረሽ ንከሪው፣ የሳሙናውን ቅሪት ያወጣዋል።

ባዘቶ፦ መርፌውን በተመለከተ፣ ለጫማው አያስፈልግሽም፤ ለጌጥና ለአሻንጉሊት ነው። ካስላክሽ 36 ለሻካራ ሱፍ፣ 38 ለሁሉም፣ 40 ለማጠናቀቂያ። ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል። ከሥር 5 ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ አድርጊ። በገባበት መስመር ቀጥ አድርገሽ አውጪው፤ ካጣመምሽው ይሰበራል።

ደጋን፦ ልኩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ናሙናሽ ከ30 ወደ 21 ከገባ 30 በመቶ ተሰብስቧል ማለት ነው። ለ26 ሴንቲ ሜትር እግር 30 በመቶ ጨምረሽ 34 ላይ ከቆረጥሽ፣ የሚወጣው 24 አይሞላም። 26ን ለ0.7 አካፍዪ፤ ቅዱ 37 ይሁን።