መሃል አዲስ አበባ አፓርትመንት መከራየት፦ ባለቤቱ አስቸጋሪ ሲሆን ምን ይደረጋል?

ጠያቂ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ለሁላችሁ። ለአንድ ሁለት ዓመት ለመኖር ወደ አዲስ አበባ የሚመለሱ ወገኖች ቦሌ፣ ካዛንቺስ ወይም ሃያ ሁለት አካባቢ አፓርትመንት ሲፈልጉ የስድስት ወር፣ አንዳንዴም የዓመት ኪራይ በቅድሚያ ይጠየቃሉ። ዋጋውንም በዶላር የሚጠራ አለ። ከገቡ በኋላ ደግሞ «ጨምሩ ወይም ልቀቁ» ይመጣል፤ እምቢ ሲሉ ውሃና መብራት ይቆረጣል። ሕጉ ምን ይላል? በተግባርስ ምን ያዋጣል? የምታውቁ በዝርዝር ብትጽፉልን።

መልስ (ሃያ ሁለት)

መነሻው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ዘመኑ ከ2 ዓመት ማነስ የለበትም፤ በተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፣ አዲስ አበባ ላይ ምዝገባው በወረዳ ነው። ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም። ኪራይ የሚከፈለው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱም ተቆጣጣሪው አካል ባሳወቀው መጠን። ስለዚህ «የስድስት ወር እንፈራረምና ስንስማማ እናድሳለን» ሲሏችሁ እየተወሰደባችሁ ያለው የመቆየት ዋስትናችሁ ነው። አዋጁ ሆቴልና መሰል ማረፊያዎችን አይሸፍንም፤ «ቤቱ እንደ ገስት ሀውስ ነው» የሚል ቃል ውሉ ውስጥ ካያችሁ ለምን እንደገባ ጠይቁ።

ብዙ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ ሁለት ውል ነው። ባለቤቱ የኪራይ ገቢ ግብሩ እንዲያንስ ወረዳ የሚገባው ውል ላይ 25,000 ብር ያስጽፋል፤ በጎን ደግሞ 60,000 ይቀበላል። ተከራዩ «ግብሩ የሱ ጉዳይ ነው» ብሎ ይፈርማል። ልዩነቱ 35,000 ብር ግን በእጅ የሚሰጥ ነው፤ ደረሰኝ የለውም። ባለቤቱ በሁለተኛው ዓመት 80,000 ቢል የሚከራከሩበት ሰነድ አይኖርም፤ የጭማሪ ገደቡ የሚሰላው በተመዘገበው 25,000 ላይ ነውና ትክክለኛው ዋጋ ከሕጉ ጥበቃ ውጭ ቀርቷል። ክርክሩ ፍርድ ቤት ቢደርስም ተከራዩ ራሱ ሐሰተኛ ዋጋ ላይ የፈረመ ሰው ሆኖ ነው የሚቀርበው። እኔ ሁለት ውል የሚጠይቅ ባለቤት ቤት ምንም ያህል ቢያምር አትግቡ ነው የምለው።

ዶላሩም ከዚህ አይተናነስም። አገር ውስጥ ግብይት የሚፈጸመው በብር ነው። «1,000 ዶላር በዕለቱ ምንዛሪ» የሚል ውል ሲፈረም ምንም አይመስልም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ሲደረግ ግን 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በአንድ ቀን 74 አካባቢ ደረሰ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ከ100 አለፈ። ያ ኪራይ ከ57,000 ብር ተነስቶ ከ100,000 በላይ ሆነ ማለት ነው። ውሉ ላይ በፊደልም በአኃዝም የሚጻፈው የብር መጠን ብቻ ይሁን።

መልስ (ልደታ፣ የሕግ ሥራ ላይ ያለሁ)

ከላይ በተባለው ላይ ማን እንደሚፈርም ልጨምር። መሃል ከተማ ያሉት የብዙዎቹ አፓርትመንቶች ባለቤቶች ራሳቸው ውጭ አገር ናቸው፤ የሚያከራየው እህት ወይም የአጎት ልጅ ነው። ካርታውንና ውክልናውን እዩ። ውክልናው ውጭ አገር ከተሰጠ በኤምባሲ ተረጋግጦ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አልፎ፣ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ የገባ መሆን አለበት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2204 መሠረት ጠቅላላ ውክልና ያለው ሰው ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት ይችላል፤ ስለዚህ ለሁለት ዓመት ውል «ማከራየት» የሚል ልዩ ቃል አለመኖሩ ብቻውን አያሳስብም። ኪራዩ በማን የባንክ ሒሳብ እንደሚገባ ግን ውሉ ላይ ይጻፍ፤ ባለቤቱ ውክልናውን ሲያነሳ «ለሱ የከፈላችሁትን አላውቅም» እንዳይመጣ።

ባለቤቱ ባለትዳር ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ። የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 68 የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለማከራየት የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል፤ ያልተስማማው ወገን ውሉ እንዲፈርስ ሊጠይቅ ይችላል። ባልና ሚስት ሲጣሉ መሃል ላይ የሚቀረው ተከራዩ ነው።

የውሉን መጀመሪያና ማብቂያ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በቀን፣ በወርና በዓመት ጻፉ። ጳጉሜን ለብቻዋ እንደማይከፈልባትም አንድ መስመር ጨምሩ፤ ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ በየዓመቱ ግን ታጨቃጭቃለች።

መልስ (ሕንፃ አስተዳደር፣ ቦሌ)

እኔ ደግሞ ስለ ቆጣሪው። ከመፈረማችሁ በፊት ምድር ቤት ወርዳችሁ ቆጣሪዎቹን ቁጠሩ። ለየቤቱ የካርድ ቆጣሪ ካለ ጥሩ ነው። ሕንፃው አንድ ቆጣሪ ኖሮት ለየቤቱ ያለው ባለቤቱ ያስገባው ንዑስ ቆጣሪ ብቻ ከሆነ ሁለት ችግር አለ። አንደኛ፣ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ነው፤ ከ500 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ያለው እርከን ከሁሉ ውድ ነው። አሥር ቤት እያንዳንዱ በወር 150 ቢጠቀም በጋራው ቆጣሪ 1,500 ይሆናል፤ ስለዚህ አብዛኛው ፍጆታ በውዱ ዋጋ ይታሰባል፣ ባለቤቱም ያንኑ ያካፍላል። ሁለተኛ፣ የቤታችሁ ብሬከር በሱ ቁልፍ ሥር ነው፤ በተጣላችሁ ቀን ያወርደዋል።

ውሃም እንዲሁ። 5,000 ሊትር ሮቶ ለአሥር ቤት ከሆነ ለየቤቱ 500 ሊትር ነው፤ በቀን 200 ሊትር የሚጠቀም ቤተሰብ ሁለት ቀን ተኩል ይቆይበታል። የሰፈሩ ፈረቃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሆነ ጥበቃውን ጠይቁ፤ እሱ ከደላላው ይልቅ እውነቱን ይነግራችኋል። ፓምፑ በጄኔሬተር ካልሠራ መብራት ሲጠፋ ላይኛው ፎቅ ውሃም የለውም። የናፍጣ፣ የጥበቃና የሊፍት ጥገና ወጪ በኪራዩ ውስጥ መሆኑ ካልተጻፈ «ሰርቪስ» በሚል ስም በየወሩ የሚጨመር ኪራይ ይሆናል። ስትገቡ የቆጣሪውን ንባብ፣ ግድግዳውን፣ መታጠቢያ ቤቱንና የቤት ዕቃውን ፎቶ አንስታችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ውሃና መብራት ከቆረጠ ወይም ቁልፍ ከቀየረስ? ኪራይ አልቀበልም ቢልስ?

መልስ (ልደታ)

በመጀመሪያ ቤቱን አትልቀቁ፤ ኪራይም አታቋርጡ። «መብራት እስኪመልስ አልከፍልም» ማለት ባለቤቱ የሚፈልገውን ምክንያት በእጁ መስጠት ነው።

መብራት ሲጠፋ የሰፈሩ መቋረጥ መሆን አለመሆኑን በመብራት ኃይል የጥሪ ቁጥር በ905 ጠይቁ፤ የጎረቤት ቤት መብራት እንዳለና ብሬከሩ እንደወረደ ፎቶ አንሱ፣ ያዩትንም ሰዎች ያዙ። ከዚያ ለወረዳው በጽሑፍ አመልክቱ፤ ቅጂው ላይ ማኅተምና ቀን አስደርጉ። የቃል አቤቱታ ነገ ማስረጃ አይሆንም።

ቁልፍ ከቀየረ ወይም ዕቃ ካወጣ ፖሊስ ዘንድ ስትሄዱ ስለ ኪራይ ዋጋ አታውሩ፤ «የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው» ተብላችሁ ትመለሳላችሁ። የምታመለክቱት ያለ ፈቃድ ወደ መኖሪያ ቤታችሁ መግባቱን ነው፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 604 ይህን ይመለከታል። ከዚሁ ጎን በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 የሁከት ይወገድልኝ ክስ (ይዞታዬ ይመለስልኝ ወይም አይነካብኝ የሚል ክስ) ይቀርባል። ይህ ክስ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይዘጋል፤ በተግባር ግን በቀናት ውስጥ አቅርቡት፣ ዋናው ክርክር እስኪያልቅ ሁከቱ እንዲቆም የእግድ ማመልከቻም በቃለ መሐላ አያይዙ። የተመዘገበው ውልና የባንክ ማስተላለፊያዎቹ ከጅምሩ ተያይዘው ከቀረቡ እግዱን ማግኘት ይቀላል።

ኪራይ አልቀበልም ማለት የታወቀ ዘዴ ነው፤ ሒሳቡን ይዘጋል፣ ስልክ አያነሳም፣ ከዚያ «አልከፈለም» ብሎ ይከሳል። የመጨረሻውን የክፍያ ሙከራ ሰነድ ያዙ፣ በጽሑፍ ሒሳብ ቁጥር እንዲሰጥ ጠይቁ፣ ካልሰጠ የመክፈያው ቀን ሳያልፍ ለፍርድ ቤት አመልክታችሁ ገንዘቡን አስቀምጡ። በባንክም ሆነ በቴሌብር ስትልኩ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «የየካቲት 2018 ኪራይ» ብላችሁ ወሩን ጻፉ፤ ባዶ የተላከ ገንዘብ በኋላ «ብድር መለሰልኝ» ሊባል ይችላል።